የተዋናይ ክብርና የሣራ በርናር ሕይወት

በቴአትር መድረክ ላይ ቆሞ የሌላውን ሰው ኀዘንና ደስታ በራሱ ፊትና በራሱ ድምፅ የሚያሳይ ሰው በብዙ አገር ለብዙ ዘመን እንደ አልባሌ ሲቈጠር ኖሯል። በአገራችንም አዝማሪ የሚለው ስም ለስድብ ይነገር እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በፈረንሳይ አገር ግን ንቀቱ ከስድብ አልፎ እስከ መቃብር ይደርስ ነበር። ሞልዬር የተባለው ታላቁ የቴአትር ደራሲና ተዋናይ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1673 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ ሙያውን በካህን ፊት ሳይክድ ስለ ሞተ፣ በንጉሡ በሉዊ 14ኛ አማላጅነት ካልሆነ በቀር በቤተ ክርስቲያን መቃብር የሚገባ አልነበረም፤ የተቀበረውም በሌሊት ነው። አድርየን ለኩቭረር የተባለችው ተዋናይት በ1730 ዓ.ም. ስትሞት ደግሞ ያ እንኳ ተከልክላ፣ ያለ ጸሎት በሌሊት ተወስዳ በሴን ወንዝ አጠገብ በነበረ ጠፍ መሬት ተቀበረች።

የሣራ በርናር ሕይወት ሊመዘን የሚገባው ይህ ከታሰበ በኋላ ነው።

ሣራ በ1844 ዓ.ም. በፓሪስ ተወለደች። እናቷ ከይሁዲ ወገን ስትሆን አባቷ በሕግ የታወቀ አልነበረም። በቬርሳይ በነበረ የደናግል ገዳም ትምህርት ቤት ገብታ በዚያው ተጠመቀች፤ ራሷ እንደ ተረከችውም ምኞቷ መነኵሲት መሆን ነበረ። ነገር ግን የቤተ ሰቡ ወዳጅ የነበረው የሞርኒ መስፍን መክሮ በ1860 ዓ.ም. ኮንሰርቫቷር ወደ ተባለው የመንግሥት የሙዚቃና የቴአትር ትምህርት ቤት አስገባት። በ1862 ዓ.ም. በኮሜዲ ፍራንሴዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ብትታይ ያደነቃት ሰው ጥቂት ነበር። በዓመቱም ታናሽ እኅቷን የገፈተረችባትን አንዲት አንጋፋ ተዋናይት በጥፊ መታች፤ ይቅርታ ጠይቂ ብትባል እምቢ ስላለች ከቴአትር ቤቱ ወጣች።

እንዲህ ያለ ጠባይ የሚመሰገን አይደለም። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ የሠራችው ሥራ የቍጡ ሰው ሥራ አይመስልም። ከ1866 ዓ.ም. ጀምሮ ኦዴዎን በሚባለው ቴአትር ቤት ታናሹንም ታላቁንም ክፍል ሳትመርጥ ስትጫወት ቈይታ፣ በ1869 ዓ.ም. ፍራንሷ ኮፔ በደረሰው አጭር ቴአትር ስሟ በፓሪስ ተሰማ። ድጓውን ለመዝለቅ የዜማ ተማሪ ስንት ዓመት ደጅ እንደሚጠና የሚያውቅ ሰው፣ አንድ ድምፅ በልምምድ ብዛት እንዴት እንደሚሞረድ አስረጂ አያሻውም። «የወርቅ ድምፅ» የተባለውም የሣራ ድምፅ እንዲሁ ሲወርድላት የተገኘ ብቻ አይደለም።

በ1870 ዓ.ም. የፕሩስያ ጦር ፓሪስን በከበበ ጊዜ ይህችው ሴት ኦዴዎንን የቍስለኞች ሆስፒታል አድርጋ ራሷ ታስታምም ነበር። በ1872 ዓ.ም. ኮሜዲ ፍራንሴዝ መልሶ ጠራት፤ በ1874 ዓ.ም. የራሲንን «ፌድር» ተጫውታ ከሁሉ በላይ ሆነች። በ1880 ዓ.ም. ግን አንድ ጨዋታዋ ስለ ተነቀፈባት ተቈጥታ ሥራዋን ብትለቅ፣ ቴአትር ቤቱ ከስሷት 100,000 ፍራንክ እንድትከፍል ተፈረደባት። ፍርዱም ልክ ነው፤ በመንግሥት ቴአትር ቤት ውል የገባ ሰው ዝናው ቢበዛ ውሉ አይቀልለትም። ከዚህ በኋላ አሜሪካን፣ መስኮብንና አውስትራልያን እየዞረች በየአገሩ በፈረንሳይኛ ተጫወተች። በ1899 ዓ.ም. ከፓሪስ ማዘጋጃ ቤት አንድ ትልቅ ቴአትር ቤት ተከራይታ በስሟ ጠራችው። በዚያም ሴት ሆና ሐምሌትን፣ በ1900 ዓ.ም. ደግሞ በ55 ዓመቷ የናፖሌዎንን ልጅ፣ የ20 ዓመቱን ጐልማሳ፣ ሆና ታየች።

ወደ ሲኒማ የገባችው ፊልም ገና ሕፃን በነበረበት ጊዜ ነው። በ1900 ዓ.ም. የሐምሌት የሰይፍ ግጥሚያ ተቀረጸ። በ1912 ዓ.ም. ስለ እንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ የሠራችውን ፊልም አዶልፍ ዙኮር የተባለ ነጋዴ ለአሜሪካ ገዝቶ ብዙ ትርፍ አገኘበት፤ ፓራማውንት የሚባለው ታላቅ የፊልም ኩባንያ የበቀለውም ከዚህ ሰው ሥራ ነው። ዛሬ ያን ፊልም የሚያዩ ብዙዎች እጅዋን ስታወናጭፍ ተመልክተው «የተደነቀችው ይህችው ናት ወይ» ይላሉ። ፊልሙ ድምፅ የሌለው መሆኑን ረስተው ነው። በድምፅዋ የነገሠችን ሴት ድምፅዋን ነሥቶ በእጅዋ ብቻ መፍረድ፣ የቅኔውን ምሥጢር ትቶ በዘራፊው አለባበስ እንደ መፍረድ ነው።

ከካህናት ወገን የሚነሣው ወቀሳ ሌላ ነው። በ1864 ዓ.ም. ሞሪስ የተባለ ልጅ ያለ ጋብቻ ወልዳለች፤ ይህን መሸፈን አያስፈልግም። ነገር ግን ኀጢአት ለንስሓ አባት ይነገራል፣ ሙያ ግን በአደባባይ ይመዘናል፤ ሁለቱን በአንድ ሚዛን የጫነ ሰው ሁለቱንም አጕድሏል። የፈረንሳይ ሹማምንትም ለተዋናይ ኒሻን ለመስጠት ብዙ ዘመን ያመነቱ ነበርና፣ ሣራ የሌዥዮን ዶኖርን ኒሻን ያገኘችው በ1914 ዓ.ም. ነው። መድረክ ላይ ከወጣች 52 ዓመት፣ ቍስለኛ ካስታመመች 44 ዓመት ሆኗት ነበር። የመንግሥት ግምጃ ቤት ባለዕዳ ሲዘገይበት ወለድ ይቈጥራል፤ በራሱ ላይ ግን ሲቈጥር አልታየም።

የዘገየው ክብር ከደረሳት በኋላ እንኳ አላረፈችም። በ1915 ዓ.ም. በቦርዶ ቀኝ እግሯ ተቈረጠ፤ ዕድሜዋ 70 ነበር። በዓመቱ በወንበር እየተሸከሟት ወደ ጦር ግንባር ሄዳ ለወታደሮች ተጫወተች፤ በ1917 ዓ.ም. የፈረንሳይ እናቶችን ኀዘን በሚያሳይ ፊልም ታየች። በመጨረሻው ጊዜ ከቤቷ መውጣት ስላቃታት የፊልም ሠራተኞቹ መሣሪያቸውን ይዘው ወደ ቤቷ መጡ፤ ሥራው ሳያልቅ በማርች 26 ቀን 1923 ዓ.ም. ሞተች። ለለኩቭረር የተከለከለው ጸሎተ ፍትሐት ለእርሷ ተደረገላት፤ ቍጥሩ እጅግ የበዛ ሕዝብም እስከ ፔር ላሼዝ መቃብር ሸኛት።

ጀርመኖች ፓሪስን በያዙበት ዘመን ከይሁዲ መወለዷ ተጠቅሶ ስሟ ከቴአትር ቤቱ ላይ ተፋቀ። ከጦርነቱ በኋላ ተመለሰ። ቤቱ ታድሶ በ1968 ዓ.ም. ሲከፈት ግን «የከተማው ቴአትር» ተባለ፤ በዚያን ጊዜ ስሟን ያነሣው ባዕድ ወራሪ አልነበረም።