ከሥራ ቦታ፦ የጋቢና ጎሚኒ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ጎማ ንፋስ አንብበናል። ዛሬ ስለ ሌላ ጎማ እንነጋገር። ይኼኛው ጎማ አይሽከረከርም። ከመኪናው ሆድ ሥር ተደብቆ ይኖራል። መካኒኮች ጎሚኒ ይሉታል።

አንዲት አሮጌ ፒክ አፕ እዚህ አሶሳ ጋራዥ ገባች። ከባምባሲ መስመር ማንጎና ማሽላ የምታመላልስ ናት። ሾፌሩ፣ «ጉድጓድ ስገባ ጋቢናው ቷ! ይላል። በሩ አልዘጋ ብሎኛል። መሪውም እየጎተተኝ ነው» አለ። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ወስዷት ሾክ ቀይረውለት ነበር። ገንዘቡ ወጣ፤ ድምፁ ግን እዚያው ቀረ።

በጋራዡ አንድ ረዳት ልጅ አለ። ማታ ማታ ከእኛ ጋር ፊደል ይማራል። ባትሪ ይዞ ከመኪናዋ ሥር በጀርባው ገባ። ጥቂት ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ጎማው አልቋል። ብረት በብረት ላይ ተቀምጧል» አለ። ልክ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፒክ አፕ በታች ሁለት ረጃጅም ብረቶች አሉ። ሻንሲ ይባላሉ። ሞተሩም ባሌስትራውም ከሻንሲው ጋር ይታሰራሉ። ጋቢናው ግን ለብቻው የተሠራ ነው። በሻንሲው ላይ ይቀመጥና በብሎን ይታሰራል። በመካከላቸው ጎሚኒ ይገባል። አህያ ስንጭን ጀርባዋ ላይ ጨርቅ እንደምናደርገው ማለት ነው። ጨርቁ ከሳሳ ጀርባዋ ይቆስላል።

ጥሬ ጎማ በሙቀት ይለሰልሳል፤ በብርድ ይደርቃል። በ1839 (እ.ኤ.አ.) ቻርልስ ጉድይር የተባለ አሜሪካዊ ጎማን ከድኝ ጋር ቢያሞቀው ጠንካራ ሆኖ አገኘው። ጠነከረ እንጂ አያልቅም ማለት አይደለም። የሞተር ሙቀት ያደርቀዋል። ናፍጣና ዘይት ሲነካው ያብጣል፤ ይልፈሰፈሳል። ዕድሜም አለ። ጎሚኒው ሲያልቅ ጋቢናው በዚያ በኩል ይወርዳል። በሩ ከቦታው ይንሸራተታል። ቆይቶም በብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ ላሜራው ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ጎሚኒ ብቻ አይበቃም፤ ብየዳ ይመጣል። ከሁሉ የሚከፋው የመሪው ነገር ነው። የመሪው ዘንግ ከጋቢናው ጋር ታስሯል፤ የመሪው ሳጥን ደግሞ ሻንሲው ላይ ነው። ጋቢናው ከሸሸ ዘንጉ ይጎተታል። መኪናዋ ደግሞ ሰው ትጭናለች።

ጎሚኒው አሶሳ አልተገኘም። ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ማዘዝ ግድ ሆነ። መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስልኩን የደወልኩት እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ ብዬ፣ ሳልለካ ሳልጽፍ፣ «የጋቢና ጎሚኒ፣ 8 ፍሬ» አልኩ። መጣ። 8ቱም አንድ ዓይነት! የዚህች መኪና ጋቢና በ4 ቦታ ይታሰራል። በእያንዳንዱ ቦታ ከላይ ወፍራም፣ ከታች ስስ ጎሚኒ አለ። የፊቱም ከኋላው ይለያል። ሻጩ ምን ያድርግ? የነገርኩትን ነው የላከው። ሾፌሩ ያለ ሥራ ሰነበተ። እኔም አፈርኩ።

በሁለተኛው ጊዜ ልጁ ማስመሪያና ካርቶን አመጣ። አሮጌዎቹን በየተራ ካርቶኑ ላይ አስቀመጠ። ከጎናቸው «ፊት ቀኝ ላይ»፣ «ፊት ቀኝ ታች» እያለ ጻፈ። መጀመሪያ «ቀኝ»ን «ቀን» ብሎት ነበር፤ ራሱ አይቶ አረመው። ያለቀ ጎሚኒ ቁመቱ አይታመንም፤ ተጨፍልቋል። ስለዚህ በመሀሉ የሚገባውን የብረት ቱቦ ርዝመት ለካ። ብረቱ ልኩን አይለቅም። የመኪናዋን ዓይነት፣ የተሠራችበትን ዓመትና የሻንሲውን ቁጥር ደግሞ ከሊብሬው ላይ ገለበጠ። ካርቶኑን በስልክ ፎቶ አንስተን ላክን። ትክክለኛው መጣ።

አሁን ወደ ሥራው። መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ትቁም። ከጎማዎቿ ሥር ታኮ ይግባ። የባትሪው ነጌቲቭ ሽቦ ይፈታ። የዛገ ብሎን ስለማይፈታ ከዋዜማው ዘይት አንጠባጥቡበት። በሚነሣው በኩል ያሉት ዳዶዎች ይወጣሉ፤ በሌላው በኩል ያሉት ይላላሉ እንጂ አይወጡም። ከክሪኩ ራስ ላይ ወፍራም እንጨት አድርጉ፤ አለዚያ ላሜራው ይጎደጉዳል። ከዚያ ቀስ ብሎ ማንሣት ነው። ጎሚኒው የሚወጣበት ክፍተት ከተገኘ ይበቃል። በምታነሡበት ጊዜ ሌላ ሰው የመሪውን ዘንግ፣ የራዲያተሩን ቱቦ፣ የፍሬኑን መስመርና ሽቦዎቹን ይመልከት። አንዱ ከተወጠረ፣ ቁም!

እዚህ ላይ ደግማችሁ አንብቡ። በጋቢናውና በሻንሲው መካከል እጅ አይገባም። ክሪክ ይከዳል። መጀመሪያ ጠንካራ እንጨት በመካከሉ ይገባል፤ ጋቢናው በእንጨቱ ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ጎሚኒውን በካቻቪቴ እየገፋችሁ አውጡ እንጂ በጣት አትሞክሩ። ልጁ ሊሞክር ሲል ሾፌሩ፣ «ተው አንተ! ጎሚኒ ይገዛል፤ ጣት አይገዛም» ብሎ ጮኸበት።

አንዳንዶች የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ያስገባሉ፤ በረባሶ ከሚሠራበት ዓይነት። መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ቤት ያደርሳል። ግን ውፍረቱ እኩል ስለማይሆን ጋቢናው ያጋድላል።

አዲሱ ከገባ በኋላ ጋቢናው ይወርዳል። ዳዶዎቹ በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት ይጠብቃሉ። ሮንዴላው የብረት ቱቦውን ሲነካ ማጥበቁ ይከብዳል። ከዚያ በላይ መታገል ብሎን መበጠስ ነው።

ሾፌሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለማስፈተሽ ተመለሰ። አንዱ ዳዶ ትንሽ ላልቶ ነበር፤ ጠበቀ። በሩ በአንድ ግፊት ይዘጋል። ካርቶኑ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሌላ እንደዚህች ያለች ፒክ አፕ ስትመጣ ልጁ ከእሱ ላይ ያነባል።

በሚቀጥለው ሳምንት፦ ሊብሬ እንዴት ይነበባል?