"አየሩ አልተስማማኝም" ከማለታችሁ በፊት ተመርመሩ!



ከአዲስ አበባ፣ ከደብረ ብርሃን ወይም ከበቆጂ ለሥራ ወደ አዳማ የመጣችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በኅዳር ማታ ያለ ጃኬት ውጭ ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት እውነትም ደስ ይላል። እኔም የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ጋቢ ደርቤ ነው ያደግኩት።

አዳማ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ራስ ምታትና ቁርጥማት ያዘኝ፤ ማታ ማታ ብርድ ብርድ ይለኛል። "አየሩ አልተስማማኝም" ብዬ ፓራሲታሞል እየዋጥኩ ሁለት ቀን ሥራ ገባሁ። በሦስተኛው ቀን አብራኝ ተረኛ የነበረች ሲስተር "ዶክተር፣ ታካሚ እንዲህ ብሎህ ቢመጣ ምን ታዝለት ነበር?" አለችኝ። በጣም አፈርኩ። ስመረመር ፋልሲፓረም ወባ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ይህችን አባባል አልወዳትም። ሰውን ቤቱ አስተኝታ ጊዜ ትበላለች።

እርግጥ ነው፣ ሰውነት ሙቀት እስኪለምድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚያ ያልበናል፣ ይደክመናል፣ ውሃ ይጠማናል። የአዳማ የኅዳር አየር ግን 39 ዲግሪ ትኩሳት አያስይዝም!

አገራችን ውስጥ ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች ነው። አዳማ፣ ሞጆ፣ ባቱና መተሐራ ሁሉም ከዚያ በታች ናቸው። ደጋ ያደገ ሰው ደግሞ ወባን የለመደ የመከላከል አቅም ስለሌለው ቶሎ ሊጠናበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ወደ ደጋው ጠርዝ ሲወጣ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል።

"ክረምቱ ወጥቷል፣ ትንኝ የለም" የምትሉም አላችሁ። ዋናው የወባ ወቅት እኮ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። በጋም ቢሆን አያስተማምንም። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወራት ወባ ተቀስቅሶ ነበር። ያመጣችው ስቴፈንሲ የምትባል፣ ሰው ባጠራቀመው ውሃ ውስጥ የምትራባ ትንኝ ናት። ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ከተሜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ፦

✅ አጎበር ስር ተኙ። "የገጠር ነገር ነው" ብላችሁ አትናቁት።

✅ በርሜሉንም ሮቶውንም ግጥም አድርጋችሁ ክደኑ።

✅ ትኩሳት ከተሰማችሁ በዚያው ቀን ደም ተመርመሩ። ፋልሲፓረም በ24 ሰዓት ውስጥ ሊከፋ ይችላል።

✅ ያለ ምርመራ ኮአርተም ገዝታችሁ አትዋጡ። የወባው ዓይነት ሲለይ መድኃኒቱም ይለያል። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊመለስ ይችላል።

✅ ለገና ቤተሰብ ጋ ሄዳችሁ ብትታመሙ "አዳማ ነው የምኖረው" በሉ። ደጋ ያለ ሐኪም ካልነገራችሁት ወባን ላያስብ ይችላል። እናንተም ባልደረቦቼ፣ ትኩሳት ይዞት የመጣን ሰው "ሰሞኑን የት ነበርክ?" ማለት አትርሱ።

ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ትንሽ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ለሰዓታት እንኳ አትጠብቁ።

አየሩን እንደ ልባችሁ ተደሰቱበት፤ ትኩሳትን ግን በአየር አታሳብቡ። በቅርቡ ወደ ቆላ የወረደ ዘመድ ካላችሁ ይህን ሼር አድርጉለት።

መልካም ጤና!