በርሜሉን ነው ወይስ እህሉን የምንገዛው?

ዛሬ ስለ ውስኪ ነው፤ ታገሱኝ፣ ወደ ቡናችን ይመጣል።

አንድ አሜሪካዊ ገዢ የ80 ዶላር የራይ ውስኪ ይዞልኝ መጣ፤ መጨረሻ ላይ በራም በርሜል ውስጥ የቆየ። ራይ የስንዴ ዘመድ እህል ነው። በአገራቸው ሕግ በዚህ ስም ለመሸጥ ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው ራይ መሆን አለበት።

እንደ ቡና ቅምሻ አፌ ውስጥ አዙሬ ቀመስኩት። ስኳር፣ ቫኒላ፣ የበሰለ ሙዝ። ይጣፍጣል፣ አልዋሽም። ግን ራይ የሚታወቅበት ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ማቃጠል የታለ? ውሃ ጠብ አድርጌም ፈለግኩት፣ ራሙ ውጦታል። አንድ ጠርሙስ የሚፈጀው እህል ወደ አንድ ኪሎ ቢሆን ነው፤ ሌላው የዓመታት፣ የእንጨትና የስም ዋጋ ነው። እኔ 50 ዶላር እሰጠዋለሁ፣ ከዚያ በላይ አልሄድም።

ሰውዬው የመጣው ግን በውስኪ በርሜል የሚቀመጥ ጥሬ ቡና ፈልጎ ነው። «ደረጃ 4 ይበቃል፣ በርሜሉ ይሸፍነዋል» አለኝ። እንግዲህ ጆንያው ላይ የሚጻፈው ሲዳማ ነው! ደረጃ 2 ናሙና ሰጠሁት፤ ዋጋውም በርሜል ሳይገባ በቀመስነው ይሁን አልኩት። መልስ እየጠበቅኩ ነው። ተመሳሳይ ጥያቄ የመጣላችሁ ዩኒየኖች፣ ዋጋ ሳትቆርጡ ጻፉልኝ።