ከዜሮ የተነሣ የለም፦ በኢሉባቦር ከተሞች ስለሚሰበከው የስኬት ታሪክ

በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በሁሩሙና በያዮ ሥራ ለሚፈልገው ወጣት ከሥልጠና አዳራሽና ከማኅበራዊ ሚዲያ የሚታደለው ስንቅ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም በጥቂት ብር ጀምሮ፣ የዘመድ ሽሙጥ ችሎ፣ ወድቆና ተነሥቶ በመጨረሻ ኩባንያ ያቆመ የአንድ ሰው ታሪክ ነው። ስታርትአፕ፣ ማለትም በአዲስ ሐሳብ ላይ ቆሞ በአጭር ጊዜ በእጅጉ ለማደግ የሚወጥን ጀማሪ ድርጅት፣ የዘመኑ መነጋገሪያ ከሆነ ወዲህ ይህ ትረካ ከምክርነት አልፎ እንደ ሥርዓተ ትምህርት መቆጠር ጀምሯል። ታሪኮቹ ብዙ ጊዜ እውነት ናቸው፤ ነገር ግን ትርፉን እያሳዩ ብድሩን፣ ዋሱን፣ መንገዱንና የመንግሥትን ደንብ ከሒሳቡ ስለሚያወጡ፣ ያልተሳካለት ሰው የራሱን ስንፍና ብቻ እንዲከስስ ያደርጋሉ።

የአካባቢው የንግድ ታሪክ ራሱ ይህን ስብከት ይቃወማል። ጎሬ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች ሳይቀሩ የከተሙባት የቡና ገበያ ለመሆን የበቃችው፣ አፄ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል በባሮ ወንዝ ላይ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ስለተፈቀደና ወንዙ በክረምት ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከሱዳን እስከ ጋምቤላ ይደርስ ስለነበረ ነው። ቡናው በጭነት ከብት ወደ ጋምቤላ ይወርድ፣ ጨውና ጨርቁም በዚያው ይወጣ ነበር። የንግዱ ፊት ወደ አዲስ አበባ በዞረ ጊዜ ግን ያው ትጋትና ያው ድፍረት ጎሬን ከመቀዝቀዝ አላዳናትም።

ዛሬም በመቱ ዙሪያ ትልቁ ሀብት ቡና ነው፤ ቡና ደግሞ ከሐሳብ አስቀድሞ ጥሬ ገንዘብ ይጠይቃል። እሸት ቡና፣ ማለትም ቀይ ሆኖ የተለቀመው ፍሬ፣ በዕለቱ ካልተፈለፈለ ኮምጥጦ ጥራቱ ስለሚወርድ፣ የመፈልፈያ ጣቢያ ባለቤት ለቀማው በሚደርስበት ወራት በየማታው ለገበሬው ቆጥሮ የሚሰጠው ብር በእጁ ሊኖር ይገባል፤ የሚሸጠው ግን ቡናው በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ከደረቀ፣ ከተቀሸረና ደረጃ ከወጣለት በኋላ፣ ማለትም ወራት ቆይቶ ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላው ብድር ነው፤ ብድሩም ቤት ወይም ተሽከርካሪ ላለው ሰው ያደላል። ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የወጣው ይህን አጥር ዝቅ ለማድረግ ቢሆንም፣ የአነቃቂ ንግግር ባለሙያዎች አዋጁን ሲያብራሩ እምብዛም አይሰማም፤ «ሕልምህን አትተው» ማለት የመያዣ ውል አንቀጽ በአንቀጽ ከማስረዳት ይቀላልና።

በጎረቤቱ ጅማ ዞን፣ በአጋሮ አካባቢ የሚገኘው የዱሮሚና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ስኬት ከአንድ ሰው ሕልም ይልቅ በብድርና በድጋፍ እንደሚቆም ጥሩ ማስረጃ ነው። አካባቢው በጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው በደረቀ ዝቅተኛ ዋጋ በሚያወጣ ቡና ይታወቅ ነበር፤ በ2002 ዓ.ም. ገደማ የተደራጁት ገበሬዎች ግን ቴክኖሰርቭ ከተባለው ግብረ ሰናይ ድርጅት የሙያ ድጋፍ፣ በብድርም ገንዘብ አግኝተው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተከሉ፤ በ2004 ዓ.ም. ቡናቸው በአፍሪካ የቡና ጣዕም ውድድር አንደኛ ወጣ። ስታርትአፕ ተብለው ሲወደሱ ግን አይሰማም፤ ፎቶግራፉ ላይ ብቻውን የሚቆም ጀግና የላቸውም።

በአንጻሩ በስታርትአፕ ጀግንነት የምትጠቀሰው የታክሲ መጥሪያው የራይድ መሥራች ሳምራዊት ፍቅሩ ሥራዋ ምስጋና የሚገባው ቢሆንም፣ የታክሲ መጥሪያ መተግበሪያ የሚቆመው እንደ አዲስ አበባ ሚሊዮኖች በሚኖሩባትና በየቀኑ ታክሲ በሚፈለግባት ከተማ እንደሆነ ሳይነገር ታሪኳን ለመቱ ወጣት ማቅረብ ከማነቃቃት ይልቅ ያሳስታል። በስልክ የሚሸጥና የሚገዛ ድርጅት ከመሥራቹ ጽናት ይልቅ በኔትወርኩ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ደግሞ፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ገደማ የተዘጋበት የ2012 ዓ.ም. ክረምት አሳይቷል።

ታሪኮቹ ተስፋ ይሰጣሉ የሚለው መከራከሪያ ቀላል አይደለም፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው የብድር ማመልከቻም አይሞላም። ይሁን እንጂ ትረካው ስኬትን የሚለካው በዕድገት ፍጥነት ስለሆነ፣ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የያዮ የቡና ደን ጥብቅ ሥፍራ ነዋሪዎች ሥራ ከመለኪያው ውጭ ይቀራል። በዚያ የጫካ ቡናን ምርት በጥቂት ዓመት ለማብዛት የሚቸኩል ሰው ጥላ የሚሰጠውን ዛፍ መመንጠር ይኖርበታል፤ ማር ቆራጩና ኮረሪማ ለቃሚው ግን የሚኖሩት ዛፉ ባለመቆረጡ ነው። ለስታርትአፕ ውድድር ዳኞች የሚያሳዩት ሽቅብ የሚወጣ የዕድገት መስመር የላቸውም፤ ለዓመታት የጠበቁት ደንም የግላቸው ስላልሆነ ለብድር መያዣ ሊያስመዘግቡት አይችሉም።