ጥለት የዳር ነው!

ወዳጆቼ፣ ባህላችንን እናሳይ እየተባለ በየድረ ገጹ ጽሑፍ ስር የቀሚስ ጥለት ማንጠፍ ይቅር! (እኔም ድሮ ሠርቼዋለሁ፣ አልክድም።) ትናንት ተማሪዎቼ የፈተና ፕሮግራም ለማንበብ ስልኩን አፍንጫቸው ስር ደቅነው ሲታገሉ አየሁ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ጥልፍ፤ በላዩ ጥቁር ፊደል። ምኑ ይነበባል?

መጋጠሚያውስ! ብሮውዘሩ ትንሿን ምስል ራሱ ወደ ጎንና ወደ ታች ይደጋግማታል። የግራ ጠርዟ ከቀኙ፣ የላዩ ከታችኛው ካልገጠመ ተንጋዶ እንደተነጠፈ የወለል ሴራሚክ ያስታውቃል። በፎቶሾፕ ኦፍሴት ምስሉን በግማሽ ብትገፉት እኮ መስመሩ መሀል ላይ ይወጣል፤ እዚያው ታስተካክሉታላችሁ። ማን ይልፋ!

ሸማኔው ግን ገብቶታል፤ ነጠላውን ነጭ ትቶ ጥለቱን ዳር ላይ ነው የሚያሳርፈው። ገጹን ነጭ አድርጉት፣ ጥለቱን ከላይና ከታች አስቀምጡት። ልጆቹ የፈተናቸውን ቀን ይዩበት።