«ፌዝ» በስንት ይሸጣል?

ጊታር ለሚጫወት ሰው ስሟ አዲስ አይደለም፤ ለማይጫወተው ግን ላስተዋውቅ። ከሲጋራ ፓኮ ትንሽ ከፍ የምትል፣ ብርቱካንማ ቀለም የተቀባች የብረት ሣጥን ናት። በእግር የምትረገጥ አንዲት ቁልፍ፣ በእጅ የምትዞር አንዲት የፍጥነት ማዞሪያ፣ ገመድ የሚሰካባቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሏት። በቃ፣ ሌላ የላትም። አሜሪካኖቹ «ፌዝ 90» ይሏታል። በአማርኛ ሲነበብ ስሟ የሚያላግጥ ይመስላል። የሚያላግጠው ማን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

ሙዚቀኞች ሰብሰብ ባሉበት ስለዚች ሣጥን ወሬ ከተነሣ አንድ አባባል አይቀርም። «ኦሪጅናሏን ካላገኘህ ያ ድምፅ አይመጣም!» ይባላል። ኦሪጅናል የምትባለው ደግሞ ከ1974 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የተሠራችውና ስሟ በቅጥልጥል ፊደል፣ በእጅ የተጻፈ መስሎ የታተመባት ናት። ከዚያ ወዲህ የመጡት ስማቸው በቁም ፊደል ነው የተጻፈው። ያው ሣጥን፣ ያው ቀለም፣ ያው ማዞሪያ። በቅጥልጥሉና በቁሙ ፊደል መካከል ግን ዋጋው ሰማይና ምድር ነው። አሮጌዋ ከአዲሷ እጥፍና ከዚያ በላይ ትጠየቅባታለች። አሜሪካ ዘመድ ያለው ወጣት ጊታሪስት ከማታ ክበብ ደመወዙ ቆጥቦ፣ ዶላር ለምኖ፣ «እባክሽ እቴ፣ በሻንጣሽ ጥግ አድርገሽ» ብሎ የሚያስመጣት ይህችኑ ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ልጅ የሚመክረው ሰው ጠፍቷል ባይ ነኝ። መካሪ ነን የሚሉት ሻጮቹ ናቸውና!

ለመሆኑ ሣጥኗ ምን ትሠራለች?

በአጭር ሞገድ ዘመን ያደገ አንባቢ ጊታር ነክቶ ባያውቅም ድምፁን ያውቀዋል። ማታ በሩን ዘግቶ፣ ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጎ የአሜሪካ ድምፅን ወይም የዶቸ ቬለን የአማርኛ ዝግጅት በአጭር ሞገድ የተከታተለ ሁሉ ያውቀዋል። ወሬው ልብ በሚሰቅልበት ሰዓት የአንባቢው ድምፅ ይጠመዘዛል፣ ውኃ ውስጥ እንደገባ ይሰምጣል፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ብቅ ይላል። (አፈናውን አይደለም የምለው። እሱ ያጓራል፤ የዚያ ምክንያቱ ሌላ ነው።) የሚጠመዘዘው ሞገዱ ወደኛ የሚደርሰው በአንድ መንገድ ብቻ ስላልሆነ ነው። ከላይ ካለው የአየር ንብርብር እየነጠረ በሁለትም በሦስትም መንገድ ይመጣል፤ አንዱ ከሌላው ጥቂት ይዘገያል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ሲገፋ ሌላው የሚስብበት ቦታ ላይ ይጣፋሉ። ንብርብሩ ደግሞ አይረጋምና የሚጣፉበት ቦታ እየተንሸራተተ ይሄዳል።

ይህን ምሳሌ ከኪሴ ያመጣሁት እንዳይመስላችሁ። በ1960ዎቹ መገባደጃ «ዩኒ ቫይብ» የተባለውን የዚህ ዓይነት ድምፅ ፈር ቀዳጅ የሠራው ጃፓናዊው መሐንዲስ ፉሚዮ ሚዬዳ ነው። ሐሳቡ የመጣለት የሞስኮ ሬዲዮን በአጭር ሞገድ ሲሰማ ድምፁ ሲጠፋና ሲመለስ አስተውሎ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ሌላው ሰው ሬዲዮኑን መታ መታ አድርጎ በሚራገምበት ሰዓት እሱ «ይህንንማ መሥራት ይቻላል» አለ። መሣሪያው ውስጥ ብልጭ ድርግም የሚል አንድ አምፖልና ዙሪያውን ብርሃን የሚሰማቸው አራት ሕዋሳት ነበሩ። ጂሚ ሄንድሪክስ በ1969 ውድስቶክ ላይ ይዞት ወጣ፤ የቀረው ታሪክ ነው።

ፌዝ 90 የምትሠራውም ይህንኑ ነው፣ ያለ አምፖል። የጊታሩን ድምፅ ለሁለት ትከፍለዋለች። አንዱ ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ ሌላው በአራት ደረጃ እየተጎተተ ያልፋል። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ሲቀላቀሉ በድምፁ ውስጥ ሁለት ክፍተቶች ይፈጠራሉ። አራቱን ደረጃዎች የሚቆጣጠሩት አራት ትናንሽ ትራንዚስተሮች ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ የሚል አንድ የኤሌክትሪክ ዥዋዥዌ ይነዳቸዋል። ማዞሪያዋ የምታዘው የዥዋዥዌውን ፍጥነት ብቻ ነው። ዝቅ ስትደረግ ድምፁ እንደሚተነፍስ ሰው ይነፋል፣ ይሟሽሻል፤ ከፍ ስትደረግ ይንቀጠቀጣል።

ሠሪዎቿ ኪት ባር እና ቴሪ ሸርዉድ ይባላሉ፤ ሁለቱም የኒው ዮርክ ግዛት የሮቸስተር ልጆች፣ የኮዳክ ፋብሪካ ከተማ ማለት ነው። የተበላሸ የድምፅ መሣሪያ እየጠገኑ ነበር የሚኖሩት። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የዛሬው «ቅርስ» የወጣው ከሁለት ጠጋኞች እጅ ነው። ድርጅታቸውን «ኤም ኤክስ አር» አሉት።

የታወቁት ሙዚቀኞች ምን እንዳደረጉባት ስናይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ኤዲ ቫን ሄለን በ1978 በወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ ተጠቅሞባታል። ያ አልበም ሲወጣ የጊታር ዓለም ተናወጠ። «አቶሚክ ፐንክ» በሚባለው ዘፈን መግቢያ ላይ ሰውዬው ክሩን አይመታም፤ የመዳፉን ተረከዝ ክሮቹ ላይ እየፈተገ ሣጥኗን ያንን ፍትጊያ እንድትጠመዝዘው ያደርጋታል። አሁን እስቲ ፍረዱ፤ ይህን የፈጠረው ቅጥልጥል ፊደሉ ነው ወይስ መዳፉ? ቫን ሄለን በዚያን ጊዜ «አሮጌ ኦሪጅናል» ፍለጋ አልሄደም። የገዛት ሱቅ ውስጥ የነበረችውን፣ የዘመኑን ተራ ዕቃ ነው።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። የካንትሪው ዌይሎን ጄኒንግስ የእሷን ታላቅ እህት፣ ፌዝ 100ን፣ በቴሌካስተር ጊታሩ ላይ አድርጎ ከሮክ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ድምፅ አወጣ። ፈረንሳዊው ዣን ሚሼል ዣር ጊታር እንኳ አልያዘም። «ስሞል ስቶን» የምትባለውን የሌላ ድርጅት ፌዘር ኦርጋን ላይ ሰክቶ በ1976 «ኦክሲጅን» የተሰኘውን አልበም ሠራ፤ ያ የሚንሳፈፍ የገመድ መሣሪያ መሳይ ድምፅ ኦርጋንና ፔዳል ነው። ኪንግስተን ደግሞ ሊ «ስክራች» ፔሪ ብላክ አርክ በሚባለው የጓሮ ስቱዲዮው ውስጥ «ሙ-ትሮን» የተባለውን ፌዘር ለከበሮውም ለጊታሩም እያለበሰ የዓለም ባለ ብዙ ገንዘብ ስቱዲዮዎች ያላወጡትን ዳብ አወጣ። አራት ሰው፣ አራት አገር ሊባል የሚችል ሙዚቃ፣ ሦስት የተለያየ ድርጅት። የሚያመሳስላቸው በእጃቸው የገባውን ተራ ዕቃ ማንም ባላሰበበት ቦታ መሰካታቸው ነው። የኛ ልጅ ግን በትክክለኛው ዓመተ ምሕረት የተሠራች ሣጥን ካልገዛህ አትችልም ይባላል። እንዴ!

አሁን ወደ ፌዙ ልምጣ።

በቅጥልጥሏና በቁም ፊደሏ መካከል የድምፅ ልዩነት አለ? አዎ፣ አለ። የሚክድ ጆሮ የለውም። የአሮጌዋ ለስለስ ያለ ነው፤ የኋለኛዋ ጠንከር፣ መሃሉ ላይ ጎላ ያለ ነው፣ ጊታሩ ጮክ ሲል ትንሽ ትሻክራለች። ታዲያ የዚህ ሁሉ ልዩነት ምንጩ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አንዲት ሬዚስተር! በ1970ዎቹ መገባደጃ ላይ ድርጅቱ ከደረጃዎቹ መጨረሻ ትንሽ ድምፅ ወደ ኋላ የሚመልስ ሬዚስተር ጨመረ። ጠጋኞች «አር 28» ይሏታል። የዚያች ዋጋ ሳንቲም ነው። ከቁም ፊደሏ ላይ እሷን አንሡ፤ ወይም በአንድ በኩል ቆርጣችሁ ተዉአት፤ ጠባይዋ ወደ አሮጌዋ ይመለሳል። ሶልደር መያዝ የሚችል ማንኛውም የሰፈር ሬዲዮ ጠጋኝ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ይጨርሰዋል።

ይህ የኔ ፈጠራ ቢሆን ኖሮ «ምን ያውቃል ጋዜጠኛ» ልባል እችል ነበር። ነገር ግን የስሙ ባለመብት የሆነው ድርጅት ራሱ አረጋግጦታል። ኤም ኤክስ አር በ1980ዎቹ አጋማሽ ከተዘጋ በኋላ ስሙን በ1987 የገዛው ደንሎፕ በቫን ሄለን ስም ባወጣት ፔዳል ላይ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ጨመረ። ቁልፏን ሲጫኗት ቅጥልጥሉ፣ ሲለቋት ቁሙ! እጥፍ ዋጋ የሚከፈልበት «የጠፋ ምሥጢር» በአንድ ጣት ይበራል፣ ይጠፋል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?

አሮጌዋ ምን ዓይነት ኑሮ እንደምታኖር ደግሞ ሻጩ አይነግራችሁም። የኤሌክትሪክ መሰኪያ የላትም፤ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ብቻ ነው የምትበላው። ገመዱ እንደተሰካ ከተረሳ ባትሪው ሲያልቅ ያድራል። መብራት የላትም፤ መድረክ ላይ ጨለማ ውስጥ ረግጣችሁ በርታ ይሁን ጠፍታ የምታውቁት ሕዝቡ ከሰማ በኋላ ነው። ጠፍታም ቢሆን ድምፁን ጨርሳ አትለቅም፤ ከላይ ከላይ ያለውን ጥራት ትንሽ ትመጣለች። ማዞሪያዋ አቧራ ከጠጣ ይንኮሻኮሻል። መብራት ኃይል በሄደ ቁጥር ባትሪዋ ይጠቅማል የሚል ተከራካሪ አይጠፋም፤ ወንድሜ፣ መብራቱ ሲጠፋ አምፕሊፋየሩስ በምን ሊጮህ ነው?

ከሁሉ የሚብሰው ግን ይኸኛው ነው። «የአሮጌዋ ድምፅ» የሚባል አንድ ድምፅ የለም። እነዚያ አራት ትራንዚስተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ እንኳ እኩል አይደሉም፤ እየተለኩ፣ የሚመሳሰሉት አራት አራት እየሆኑ ነበር የሚገቡት። ሲመሳሰሉም ተመሳሰሉ እንጂ አንድ አልሆኑም። በዚያ ላይ ሃምሳ ዓመት ጨምሩበት። ስለዚህ በአንድ ዓመት የተሠሩ ሁለት ሣጥኖች ጎን ለጎን ቢሰኩ አንዷ ጥልቅ ብላ ስትዋኝ ሌላዋ ዳር ዳር ልትል ትችላለች። ሳይሰሙ፣ በፎቶግራፍ ብቻ፣ ፊደሏን አይተው ገንዘብ የሚልኩ ሰዎች የሚገዙት እንግዲህ ምኑን ነው? የቁም ጸሐፊዎች አገር ልጅ ነኝና ለፊደል ያለኝን ክብር ማንም አይጠረጥርም፤ ፊደል ግን አይሰማም።

የሠሪውን የኪት ባርን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ደግሞ ቅር ይለኛል። ይህ ሰው ብርቱካንማዋን ሣጥን ሠርቶ አጠገቧ ተንበርክኮ አልቀረም። በ1984 «አሌሲስ» የተባለ ሌላ ድርጅት አቋቁሞ ፊቱን ወደ ዲጂታል አዞረ። ቀድሞ በትልልቅ ስቱዲዮዎች ብቻ ይገኝ የነበረውን የዲጂታል ጉብጉብታ ድምፅ ተራ ሙዚቀኛ በሚችለው ዋጋ አወጣ፤ በ1991 ያስተዋወቀው «ኤዳት» ደግሞ በቪዲዮ ካሴት ላይ ስምንት ትራክ በዲጂታል የሚቀዳ መሣሪያ ነበር። ስንት የጓሮ ስቱዲዮ በሱ ተከፈተ! በ2010 እስካረፈ ድረስ ዕድሜውን ያጠፋው ውድ የነበረውን ነገር በማርከስ ላይ ነው። ዛሬ የሱን የእጅ ሥራ በመስታወት ሣጥን አስገብተው ዋጋ የሚሰቅሉት ሰዎች የያዙት የሰውዬውን ተቃራኒ ሃይማኖት ነው።

ሰብሳቢ ካለ ይሰብስብ፤ በገንዘቡ ነው። ቴምብርም የሚሰበስብ አለ። አሮጌዋ በእውነት የሚያምር ድምፅ ያላት ሆና ስትገኝ፣ በተለይ ለቀስተኛ ትዝታ፣ ፍጥነቷ ዝቅ ብሎ ከጊታሩ ኋላ ስትነፍስ እኔም ደስ ይለኛል። የምቃወመው ያለሷ አይሆንም መባሉን ነው። ልጁ በልዩነቱ ዋጋ ስንት የክር ስብስብ፣ ስንት ወር የልምምድ ክፍል ኪራይ ይከፍል ነበር? በእጁ ያለችው የቻይና ፌዘርም ብትሆን፣ ፒክአፕ የተገጠመለት ክራር ቢሰካባትም፣ ሣጥን ሣጥን ናት፤ ማን እንደሰካባት አትጠይቅም።

አሮጌዋን ካልገዛሁ ሞቼ እገኛለሁ ለሚል ግን አንድ ነገር ላቀብለው። ገበያ ላይ «ሞታለች፣ አትጠመዝዝም» ተብለው በርካሽ ከሚጣሉት መካከል ብዙዎቹ አልሞቱም። ከታች ያሉትን አራት ብሎኖች ፍቱ። ውስጧ፣ ሰሌዳው ላይ፣ በብሎን መፍቻ የምትዞር አንዲት ጥቃቅን ማስተካከያ አለች። አራቱ ትራንዚስተሮች በየትኛው ልክ ላይ እንደሚሠሩ የምትወስነው እሷ ናት፤ በዕድሜ ብዛት ልኩ ሲሸሽ ሣጥኗ ድምፁን ብታሳልፍም መጠምዘዟን ትተዋለች። መጀመሪያ ማስተካከያዋ የነበረችበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ጊታሩን ሰክታችሁ፣ አንድ ኮርድ እየመታችሁ፣ በትንሽ መፍቻ ፀጉር ታህል አዙሩ፤ ስሙ፤ ደግሞ ፀጉር ታህል። ድምፁ ድንገት መዋኘት የሚጀምርበት አንድ ጠባብ ቦታ አለ።