ካሜራው የእንግዳ፣ ዕዳው የባለአገሩ

ከቦሌ አየር ማረፊያ ወጥቶ በአፍሪካ ጎዳና ወደ መሃል ከተማ ለሚያቀና እንግዳ ወሎ ሰፈር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ሻንጣውን ሆቴል አስቀምጦ፣ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይወጣል። ወደ ጎተራ የሚወርደውን የኢትዮ-ቻይና ጎዳና፣ መስታወት የለበሱትን ሕንጻዎች፣ ጥግ ላይ በቆሎ የምትጠብሰውን ሴት ሊያነሳ ካሜራውን ገና ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋ ከአንዱ ሕንጻ በር ጥበቃ እጁን እያወናጨፈ ይመጣል። "ኖ ፎቶ! ኖ ፎቶ!" እንግዳው ፈገግ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ጥበቃውም ብዙ አይጫነውም። ከዚያ ፊቱን እንግዳው አጠገብ ወደቆመው የሰፈር ልጅ ያዞራል። "አንተ ነህ ያመጣኸው? መታወቂያህን አምጣ!"

አዲስ አበባ ውስጥ ካሜራ ይዞ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ይህን ትዕይንት ሳያይ አይቀርም። ሲወራ የሚሰማው ግን የመጀመሪያው ግማሹ ብቻ ነው። እንግዳው አገሩ ተመልሶ ለጓደኞቹ የሚያወጋው "ፎቶ ከለከሉኝ" የሚለውን ነው። መታወቂያውን አውጥቶ ሲያስረዳ የዋለው ልጅ ወሬው ውስጥ የለም። በውጭ አገር ፎቶ ስለማንሳት፣ ስለ ካሜራ ምርጫና ስለ ጥንቃቄ የሚጻፈው ምክር ሁሉ ለመጀመሪያው ሰው የተጻፈ ነው። አደጋው ግን በአብዛኛው የሚያርፈው በሁለተኛው ላይ ነው።

ምክሩ ራሱ መጥፎ አይደለም። በየበዓሉ ከአሜሪካም ከአውሮፓም የሚመጣ ዘመድ "ምን ዓይነት ካሜራ ይዤ ልምጣ?" ሲል የሚያገኘው መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ትንሽ ይሁን፣ አያብረቅርቅ፣ ሌባ ዓይን ውስጥ አይግባ። እውነት ነው። ቦሌ መንገድ ላይ ስልክ መንትፎ የሚሮጥ አለ፤ ልብስህ ቆሽሿል ብሎ እያበሰ ኪስ የሚያወልቅም አለ። ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚደርሰው ነጩ የካኖን ሌንስ ብቻውን አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል፤ ከነካሜራው ከሁለት ኪሎ ያልፋል። ያን ደረት ላይ አንጠልጥሎ ከወሎ ሰፈር እስከ ኦሎምፒያ በእግር መሄድ ሌባንም ጥበቃንም ከሩቅ "እዩኝ" ማለት ነው። በአንጻሩ እንደ ፉጂ ኤክስ 100 ያለው፣ ሌንሱ የማይፈታው ካሜራ ግማሽ ኪሎ ገደማ ቢሆን ነው፤ ሰፋ ያለ የጃኬት ኪስ ይበቃዋል። ሌንሱ አለመፈታቱን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ። ከተማው በየአቅጣጫው ተቆፍሮ አቧራው በሚቦንበት ወቅት ግን መንገድ ላይ ሌንስ መቀያየር አቧራውን ወደ ካሜራው ሆድ መጋበዝ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ አለመፈታቱ በረከት ነው።

ትርፍ ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም፤ በእጅ ይያዛል። አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያሳልፉት ባትሪ ጣሪያው 100 ዋት-ሰዓት ነው፤ የተለመደው የካሜራ ባትሪ 20 እንኳ ስለማይሞላ ሦስት አራት መያዝ አያስቸግርም። መብራት ሄዶ ባደረ ማግስት ጥቅሙ ይታያል። ድሮን ያማረው ግን እቤቱ ትቶት ይምጣ። ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ ሰው ሁሉ ኢንሳ ከሚለው፣ ፈቃድ ያልያዘ ድሮን ጉምሩክ ላይ መቅረቱ ቀላሉ ዕጣው ነው። ለዘገባ የሚመጣ የውጭ ጋዜጠኛም ከመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል።

እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ጎደሎው "ደህንነት" የሚለው ቃል ላይ ነው። የማን ደህንነት?

በግንቦት 2013 ለኒው ዮርክ ታይምስ ይሠራ የነበረው ሳይመን ማርክስ ከአገር ተባረረ። በግንቦት 2014 የዘ ኢኮኖሚስቱ ቶም ጋርድነር ፈቃዱ ተሰርዞ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲወጣ ታዘዘ። ሁለቱም የብዕር ሰዎች ናቸው እንጂ ፎቶ አንሺዎች አይደሉም፤ የደረሰባቸውም ቀላል ነገር አይደለም። ያም ሆኖ ሁለቱም አውሮፕላን ተሳፍረው ሄዱ። በሁለቱ መባረር መካከል፣ ህዳር 19 ቀን 2014፣ የአሶሼትድ ፕሬስ የቪዲዮ ባለሙያ አሚር አማን ኪያሮ አዲስ አበባ ውስጥ ተያዘ። ክስ ሳይመሠረትበት አራት ወር ታስሮ መጋቢት 20 ቀን በዋስ ወጣ። ካሜራ የያዘ ኢትዮጵያዊ የሚባረርበት ሌላ አገር የለውም፤ ያለው እስር ቤት ነው።

የውጭ ዜጋም ይታሰራል የሚል ካለ አልተሳሳተም። ስዊድናዊው ፎቶ አንሺ ዮሃን ፐርሾን ከባልደረባው ከማርቲን ሺብዬ ጋር በ2003 ክረምት መግቢያ ከሶማሊያ በኩል ድንበር አቋርጦ ኦጋዴን ገብቶ ተያዘ። 11 ዓመት ተፈረደባቸው፤ በጳጉሜን 2004፣ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በይቅርታ ወጡ። የታሰሩበት ዘመን 438 ቀን እንደነበር የሚታወቀው በቁጥሩ መጽሐፍ ስለጻፉበት ነው። ቀኑ የሚቆጠርለት እስረኛ እና የማይቆጠርለት እስረኛ አንድ አይደሉም።

ዲያስፖራው እዚህ መሃል ላይ ይወድቃል። ፓስፖርቱ የውጭ ነው፣ መልኩ የአገር ቤት። በጥበቃው ዓይን እሱም "አንተ!" ነው፤ እንግድነቱ የሚታወቀው ኪሱ ሲፈተሽ ነው። ከተለቀቀ በኋላ ግን የመመለሻ ቲኬት አለው። የአጎቱ ልጅ የለውም።

ሰፈሩ ስሙን የተዋሰው ወሎ ደግሞ የዚህኑ ነገር ሌላ ገጽ ያሳያል። በ1965 ረሃቡ ወሎን ሲፈጅ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ቦታው ድረስ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው መጥተው ግቢው ውስጥ አሳይተው ነበር። ቤተ መንግሥቱ አልተነቃነቀም። ጥቅምት 8 ቀን 1966 የእንግሊዛዊው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ግን ዓለም ተንጫጫ። ያው ፊልም ከንጉሡ ድግስ ጋር ተቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ለአዲስ አበባ ተመልካች ቀረበ፤ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ከዚያም አሥር ዓመት አልፎ እንደገና ወሎ፤ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው ኮረም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ቢቢሲ ያስተላለፈውን፣ ዓለምን ያስለቀሰውን ምስል የቀረጸው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር።

ሁለቱም ጊዜ አገር ያንቀሳቀሰው ምስል የወጣው በእንግዳ እጅ ነው። ባለአገሩ ማየት አቅቶት፣ ወይም የእንግዳው ሌንስ ስለበለጠ አይደለም። ባለአገሩ ያየውን የሚያሳይበት በር ተዘግቶ ነበር። መንግሥት የራሱን ሰው ካሜራ ሲያፍን ሥዕሉ አይጠፋም፤ ዞሮ ዞሮ በሌላ ሰው አንደበት ተተርጉሞ ይመጣል። "የውጭ ሚዲያ ስማችንን አጠፋ" እያለ የሚያማርር ባለሥልጣን ይህን ቢያስብበት መልካም ነበር።

የአሚን የራሱ ዕጣም ከዚህ ከተማ አልራቀም። ደርግ በወደቀ በሳምንቱ አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ ክንዱን አጣ። በሰው ሠራሽ ክንድ ካሜራውን መልሶ ያዘ። ህዳር 14 ቀን 1989 ከቦሌ ተነስቶ ወደ ናይሮቢ ሲበር በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ነበር፤ ኮሞሮስ ባሕር ላይ ሲወድቅ ሕይወቱ አለፈ። የአሚን ስም እስከ ዛሬ ይነሳል፤ መነሳትም አለበት። በመጋዘኑ ፍንዳታ አጠገቡ የሞተውን የድምፅ ባለሙያውን ጆን ማታይን የሚያስታውስ ግን ስንት ነው? ድምፅ የሚቀዳ፣ መኪና የሚነዳ፣ የሚያስተረጉም፣ "በዚህ እንሂድ" የሚል ሰው ከፎቶው ጀርባ ሁልጊዜ አለ። የካሜራ ቦርሳ ዝርዝር ሲወጣ ስለ እሱ አንድ መስመር አይጻፍም።

ባለአገሩ ሲፈቀድለት ምን እንደሚያሳይ ደግሞ ታይቷል። በመጋቢት 2011 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅ፣ ሙሉጌታ አየነ በአደጋው ቦታ በሐዘን አፈር ወደ ራሷ ፊት የምትበትን ሴት አነሳ። ያ ምስል እ.ኤ.አ. በ2020 ለዓለም ፕሬስ ፎቶ የዓመቱ ምርጥ ምስልነት ከታጩት አንዱ ሆነ። ሐዘኑን እንደ አገሩ ልቅሶ የሚያውቅ ሰው ነው ያነሳው፤ ያስታውቃል።

ጥበቃው ያለ ምክንያት አይፈራም የሚለው ክርክር መልስ ይገባዋል። ጥቅምት 3 ቀን 2006፣ ዋልያዎቹ ከናይጄሪያ ጋር በተጫወቱበት ዕለት፣ ቦሌ አካባቢ አንድ ቤት ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ ሁለት ሶማሊያውያን ሞተዋል፤ መንግሥት ለጥቃት ሲያዘጋጁት ነው የፈነዳው ብሏል። ከተማዋ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናት፣ ኤምባሲው በየመንደሩ ነው። የጦር ሰፈርና ቤተ መንግሥት ፎቶ አይነሳም ቢባል የትም አገር ያለ ነው። ነገር ግን ያ ጥበቃ በቆመበት በር ፊት ቲክቶክ የሚቀርጽ ልጅ ሲጨፍር ይውላል፤ በዚያው ጥግ ሙሽራ ከነሚዜው ተሰልፎ ይነሳል። የሕንጻው ጣሪያ ማንም ስልኩ ላይ ከፍቶ በሚያየው የሳተላይት ካርታ ላይ አለ። ክፉ ያሰበ ሰው ሁለት ኪሎ ካሜራ ተሸክሞ መንገድ መሃል አይቆምም፤ ስልኩን እንደሚያወራ ሰው ይዞ ያልፋል። ስለዚህ የሚከለከለው አደጋው ሳይሆን የካሜራው መጠን ነው።

የሚገርመው፣ ሕጉ በግልጽ የሚጠብቀው ሌላ ነገር መሆኑ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ ታዋቂ ሰው፣ ባለሥልጣን፣ የሕዝብ ጉዳይ የሆነ ወይም በአደባባይ የተፈጸመ ነገር ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም። ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነው ሕግ የሚያስበው ስለ ሰው ፊት ነው። ወሎ ሰፈር ላይ ግን የባንኩ ግድግዳ ጠበቃ አለው፤ በቆሎ የምትጠብሰው ሴት የላትም። ፊቷ ተነስቶ የት እንደሚሰቀል የሚጠይቅላት የለም። የጎዳና ልጅ ሲነሳም "ኖ ፎቶ" የሚል ጥበቃ አልታየም።

እንግዲህ እንግዳው ትንሽ ካሜራ ይያዝ ሲባል ለራሱ ብቻ አይደለም። አብሮት የሚሄደው ሰው ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ጭምር ነው። ቦርሳውን ለእሱ አያሸክመው፤ ዕቃው የተገኘበት ሰው ነው ተጠያቂ የሚደረገው። የፈቃድ ደብዳቤ ከተጻፈ የአስተርጓሚውና የሾፌሩ ስም አብሮ ይግባበት። የት ቆሞ ማንሳት እንደሚያዋጣ የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ነውና "ይቅርብህ" ሲል ክርክር አያስፈልግም። ጥበቃ ከመጣ መጀመሪያ የሚናገረው ካሜራውን የያዘው ይሁን፤ "እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ እሱ የለበትም" ማለት ከየትኛውም ሌንስ መከላከያ ይበልጣል። አጥፋ ከተባለ ያጥፋ። ለመርህ ብሎ መጨቃጨቅ የሚያምርበት ነገ እዚያው ሰፈር ውሎ ለሚያድር ሰው እንጂ ማታ ለሚበር አይደለም። ፎቶውን ሲለጥፍም የአስጎብኚውን ፊትና ስም ሳይጠይቀው አያውጣ።

ከተማው ደግሞ ዝም ሊል አይገባውም። ከሜክሲኮ በሳር ቤት፣ በጎተራ አድርጎ ወሎ ሰፈር የሚደርሰው መንገድ በ2016 ከተጀመሩት የኮሪደር ልማት መስመሮች አንዱ ነው። የእግረኛ መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ አማረ፤ የአስተዳደሩ ገጾችም ከሰማይ በተነሳ ምስል ቀንና ሌሊት ያሳዩታል። ያንኑ መንገድ አንድ የሰፈሩ ልጅ በገዛ ካሜራው ቆሞ ሲያነሳ መታወቂያ የሚጠየቅበት ምክንያት ምንድን ነው? የማይነሱ ቦታዎች ካሉ ዝርዝራቸው በጽሑፍ ይውጣ፤ በራቸው ላይ ምልክት ይለጠፍ፤ ከዚያ ውጭ ያለው አስፋልትና የእግረኛ መንገድ የሁሉም መሆኑ ለጥበቃ ኤጀንሲዎች በደብዳቤ ይነገራቸው። በጀት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

እንዲህ ያለ ወረቀት በስልኩ ይዞ ቢዞር፣ ያ ልጅ መታወቂያ ሲጠየቅ ከፍቶ ያሳይና ነገሩ በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር። አሁን ግን የሚያደርገው ሌላ ነው። እንግዳውን "አንተ ሂድ፣ እደርስብሃለሁ" ይልና ጥግ ይዞ፣ ጣቢያ ውስጥ ሰው ለሚያውቅ ዘመዱ ይደውላል።